«እጁ ሲፈታ ጥሎኝ ይሄዳል»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ማተሚያ ቤት ለ19 ዓመት መርቻለሁ። ስጀምር ሦስት ነበርን። ለሌላ ሳስረክብ 22 ደርሰን ነበር። በዚህ ዓምድ የምመልሰው እዚያ ባየሁትና በኋላ አንብቤ በተማርኩት ነው። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ማሽን ወይም ስለ ገበያ አይደሉም። ስለ ሰው ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም፤ ራሳቸው እንደዚያ ብለውኛል።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። 11 ሠራተኞች አሉኝ። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ስድስት ሰው ለቆብኛል። አብዛኞቹ ሲመጡ ማሽን እንኳ ነክተው የማያውቁ ነበሩ። ከዜሮ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ክፍያዬ ከሌላው አያንስም። ግን እጃቸው ሲፈታ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ለተፎካካሪ ሰው እያሠለጠንኩ ነው የምኖረው። ከእንግዲህ ማስተማሩን ትቼ የሚችል ሰው ብቻ ልቅጠር ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። በዚያ ስሜት ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ግን ማስተማሩን አይተዉ። የሚችለውን ሰው ቢቀጥሩትም እኮ ያው ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። የመጀመሪያዎቹን ያስወጣቸው ነገር እሱንም ያስወጣዋል።

በመጀመሪያ አንድ ወረቀት ያውጡና ኪሳራውን ይቁጠሩ። አንድ ሰፊ ሲለቅ አዲስ ሰው ፍለጋ ስንት ቀን ይሄዳል? አዲሱ የድሮውን ፍጥነት እስኪይዝ ስንት ሳምንት? በዚያ መሀል ስንት ጨርቅ ይበላሻል? እርስዎስ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው የሚያሳልፉት ሰዓት? ከ11 ሰው ስድስት ለቀቀ ማለት ከግማሽ በላይ ነው። በዚህ አካሄድ በየሁለት ዓመቱ ድርጅትዎን እንደ አዲስ ይከፍታሉ ማለት ነው።

ይህ የትንሽ ድርጅት ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ 14,000 ያህል ሠራተኛ ለማቆየት በዓመቱ ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ሰው ይገባል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ይወጣል። ከዚያ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል። በ1914 መጀመሪያ ኩባንያው የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረሰው። የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ዝቅ አደረገ። መልቀቁም በጣም ቀነሰ። ከዚያ በፊት የተደረገውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ክፍያው ከመጨመሩ ወራት ቀደም ብሎ አለቆች የፈለጉትን ሠራተኛ በቁጣ የማባረር ሥልጣናቸው ተወሰደ። የተዘበራረቀው የደመወዝ ደረጃ ተስተካክሎ አንድ ሰው ምን ሲችል ምን እንደሚከፈለው ግልጽ ሆነ። እኔን የሚያስተምረኝ ይሄኛው ክፍል ነው። ደመወዝ እጥፍ ማድረግ ለእኔም ለእርስዎም ላይቻል ይችላል። ደንቡን ግልጽ ማድረግ ግን ይቻላል።

አሁን የራሴን ልንገርዎ። በማተሚያ ቤቴ ውስጥ በጣም ጎበዝ የማሽን ኦፕሬተር ነበረኝ። ቀለም ሲያመጣጥን በዓይኑ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ከሠራ በኋላ ለቀቀ። የሄደበት ቦታ የሚከፍለው ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። በጣም ተቀየምኩ። «ከሃዲ» አልኩት፣ ለራሴ። ከስድስት ወር በኋላ በአጋጣሚ ተገናኘንና ለምን እንደሄደ ጠየቅሁት። ትንሽ አቀረቀረና «እርስዎ ከቢሮ የሚወጡት ሥራ ሲበላሽ ብቻ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከደንበኞች ጋር ስለ እሱ ሳወራ አፌ አያርፍም ነበር። «እንደ እሱ ያለ ኦፕሬተር የለም» እል ነበር። ለእሱ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው። ከየት ያውቃል? የሚሰማው ጩኸቴን ብቻ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን፣ ደረጃው ከፍ ይል አይል እንደሆነም የነገረው ሰው የለም። ዛሬም ድረስ ይህንን ሳስብ ያመኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ጀመርኩ። በወር አንዴ፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መነጋገር። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሥራ በዛ ተብሎ አይሰረዝም። ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ሥራህን የሚያዘገይብህ ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን መማር ትፈልጋለህ? እኔ የማደርገውና ባላደርገው የምትመርጠው ነገር አለ? ያየሁትን ጥሩ ሥራም በስሙ ጠርቼ እነግረዋለሁ። «ጎበዝ ነህ» ብቻ አይበቃም። «ባለፈው ሳምንት የዚያን መጽሐፍ ሽፋን ቀለም ሦስት ጊዜ መልሰህ ያስተካከልከው ጥሩ አደረግክ» እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አልወጣም። «ደህና ነው»፣ «ምንም ችግር የለም»። ሰዎቹ ይህች ሴትዮ ምን ልታወጣ ነው ብለው ይጠብቁኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ጠራዧ አፏን ከፈተች። የወረቀት መቁረጫው ምላጭ የሚሳለው ፈጽሞ ሲዶለድም ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ነው የምቆርጠው አለችኝ። ለዓመታት። እኔ የወረቀቱን ብክነት በእሷ ቸልተኝነት ሳሳብብ ነበር። ምላጩን በየ15 ቀኑ ማስሳል ጀመርን። የሚጣለው ወረቀት ወዲያው ቀነሰ፤ እሷም ከሥራ ሰዓት በኋላ ማምሸት አቆመች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በሥራ ቦታ ግን ይነቅዛል፤ እኔ ቤት ወረቀት ሲበላ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ የለቀቁትን ስድስት ሰዎች ትተው ዛሬ ያሉትን 11 ሰዎች ያነጋግሩ። ሁለተኛ፣ የሙያ መሰላል ይሥሩ። ቀጥታ ስፌት፣ ከዚያ ኮሌታና እጅጌ፣ ከዚያ ሙሉ ልብስ፣ ከዚያ ልኬትና ቅድ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግና ክፍያው በስንት እንደሚጨምር በአንድ ገጽ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። አሁን እኮ ሠራተኛዎ እጁ ሲፈታ ደረጃው ከፍ የሚልበት ብቸኛው መንገድ የእርስዎን በር ለቆ መውጣት ነው።

ስለ ማስተማሩም አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ሥራ የማያውቅ ሰው በብዛት ሲገባ፣ ለአለቆች የተሰጠ አጭር የማስተማሪያ ዘዴ ነበር። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሠልጥኖበታል። አራት እርምጃ ነው። ሰውየውን አረጋጋውና ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ። ሥራውን እየሠራህ አሳየው፤ ቁልፉ የቱ ጋ እንደሆነም ንገረው። ከዚያ እሱ እየሠራ ያስረዳህ። በመጨረሻ ለብቻው ተወው፣ ግን እየተመላለስክ እየው። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ብቻ ሠርተን «አሳይቸዋለሁ» እንላለን። ሦስተኛውን እርምጃ ጨምረው ይሞክሩት። አዲስ ሰው ቶሎ ሲለምድ አንድ ሰው ቢለቅብዎም ጉዳቱ ያንሳል።

ይህን ሁሉ አድርገውም የሚሄድ ይኖራል። የራሱን ስፌት ቤት የሚከፍት ይኖራል። እሱን መርቀው ይሸኙት። ከእኔ ወጥተው የራሳቸውን የከፈቱ ሁለት ልጆች እነሱ የማይችሉትን ትልቅ ሥራ ለዓመታት ወደ እኔ ሲልኩ ነበር።

ጥያቄ፦ «አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ሰባት ሠራተኛ ነው ያለኝ። ጠዋት ማርፈድ አስቸገረኝ። ሌላ መላ ስላጣሁ ለሚያረፍድ ሰው ከደመወዙ መቁረጥ ጀመርኩ። ይሠራል ብዬ ነበር። እንዲያውም ባሰ። ባለፈው ሳምንት አንዱን መካኒክ ስቆጣው 'ሒሳቤን ከፍዬ የለ' አለኝ። ቅጣቱን ላክብደው?»

መልስ፦ መካኒክዎ የተናገረው ነገር በጥናት የታየ ነው። ሀይፋ በምትባል የእስራኤል ከተማ በ10 መዋዕለ ሕፃናት የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ እየመጡ ነው የሚወስዱት። በስድስቱ መዋዕለ ሕፃናት ለሚያረፍድ ወላጅ ትንሽ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። የሚያረፍደው ወላጅ ቀነሰ? አልቀነሰም። ወደ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ቀድሞ ወላጁ የሚያረፍደው አስተማሪዋን እያፈረ ነበር። ቅጣቱ ከመጣ በኋላ እፍረቱ ቀረ፤ የተጨማሪ ሰዓት ዋጋ ሆነለት። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ቅጣቱ ሲነሳ የሚያረፍዱት ቁጥር ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ትልቅ ቅጣት ማርፈድን ሊቀንስ ይችል ይሆናል። ግን እዚያ ከመድረስዎ በፊት የአገርዎን የሠራተኛ ሕግ ይመልከቱ። ከደመወዝ ላይ መቁረጥ በብዙ አገር ባለቤቱ እንደፈለገ የሚያደርገው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ስለ ደመወዝ ጥበቃ የሚናገረው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት እንኳ ቅነሳ የሚፈቀደው ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት በወሰነው መንገድ ብቻ ነው ይላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋራዡ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃል፤ የመጀመሪያው መኪና ላይ እጅ የሚያርፈው ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት መጥቶ መለዋወጫ እስኪመጣ ወይም እርስዎ ሥራ እስኪያከፋፍሉ አንድ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በሰዓቱ ለመምጣት ምክንያት የለውም። የእኔ ቤት ችግር ይሄው ነበር። ፕሌቱ፣ ማለትም የሚታተመው ገጽ ያረፈበት ስስ ብረት፣ የሚደርሰው ረፋድ ላይ፣ ኦፕሬተሮቹ የሚጠሩት ደግሞ ማለዳ ነበር። እኔ ራሴም ከእነሱ በኋላ ነበር የምገባው። ይህንን ማመን ከበደኝ፤ ግን እውነት ነው። የቀኑን ሥራ ከዋዜማው ማታ ማዘጋጀት ስንጀምርና እኔም ቀድሜ መግባት ስጀምር አብዛኛው ማርፈድ ያለ ቁጣ ቀረ።

አንዷ ግን አሁንም ታረፍድ ነበር። ሁልጊዜ 20 ደቂቃ፣ አትጨምር አትቀንስ። ለብቻዋ ጠርቼ ስጠይቃት የልጇ ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው እኛ ሥራ በምንጀምርበት ሰዓት ነው። መግቢያዋን በግማሽ ሰዓት ገፋሁት፤ መውጫዋንም እንዲሁ። ምክንያቱን በእሷ ፈቃድ ለሁሉም ነገርኩ፤ አድልዎ እንዳይመስላቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም።

ቅጣቱን ያንሱት። ሲያነሱት ግን ዝም ብለው አይሁን። ሰባቱን ሰብስበው፣ አንዱ ሲያረፍድ ማን ላይ ሥራ እንደሚወድቅ ራሳቸው ይናገሩ። ከዚያ የሚደጋግመውን ሰው ለብቻው። በሰው ፊት መዝለፍ አይሁን። መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ በመጨረሻም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ስንብት። ሁሉም ደረጃውን አስቀድሞ ይወቀው።

ጥያቄ፦ «የዕቃ ማከፋፈያ አለኝ። የእህቴን ልጅ የመጋዘን ኃላፊ አድርጌዋለሁ። መጥፎ ልጅ አይደለም። ግን ሌሎቹ ሠራተኞች ከእሱ ጋር ሲሆኑ ዝም ይላሉ። ቀላሉን ሥራ ለጓደኞቹ ይሰጣል ይባላል። ብናገረው እህቴ ትቀየመኛለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ዘመድ መቅጠር ነውር አይደለም። እኔም ወንድሜን ቀጥሬ ነበር። ነውሩ ሁለት ዓይነት ደንብ መኖሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር በአንድ የፍራፍሬ እርሻ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። የለቃሚዎቹ አለቆች ቋሚ ደመወዝ ሲከፈላቸው፣ ቻለም አልቻለም ለሚቀርቧቸው ሰዎች ያደሉ ነበር። የአገራቸውን ልጅ፣ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው። ከዚያ ክፍያቸው በከፊል ከጠቅላላው ምርት ጋር ተያያዘ። ፊታቸውን ጎበዝ ወደሆነው ለቃሚ አዞሩ፤ ጓደኛም ይሁን ባዳ። የእርሻው ምርታማነትም ጨመረ። አለቆቹ በአንድ ሌሊት ጻድቅ አልሆኑም። አድልዎው ዋጋ እንዲያስከፍላቸው ተደረገ እንጂ።

እርስዎም ለልጁ «አድልዎ አታድርግ» ብለው አይምከሩት። ማንም ሰው አዳላለሁ ብሎ አያምንም። ይልቅ የመጋዘኑን ውጤት በቁጥር ይስጡት፦ በሰዓቱ የወጣ ዕቃ፣ ተሳስቶ የተጫነ፣ የጎደለ። የእሱ ግምገማ በዚያ ይሁን። የሥራ ድልድሉም በተራ ይሁንና ሠሌዳ ላይ ይጻፍ። ለእህትዎ ደግሞ ሳይቆዩ እርስዎ ቀድመው ይንገሯት፤ ከልጇ አፍ ከሰማችው ነገሩ ሌላ ይሆናል። እኔ ከወንድሜ ጋር የተነጋገርኩት በእናታችን ፊት ነው። በሥራ ቦታ እህቱ እንዳልሆንኩ፣ ከሥራ ውጭ ደግሞ አለቃው እንዳልሆንኩ። ሁለት ወር አኮረፈኝ፤ ከዚያ ግን ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠራ።

ጥያቄ፦ «ሰው ስቀጥር ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። በቃለ መጠይቅ ላይ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሥራ ላይ ባዶ ይሆንብኛል። ምን ዓይነት ጥያቄ ልጠይቅ?»

መልስ፦ ከማውራት ይልቅ ያሠሩት። የሚቀጥሩት ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ የአንድ ሳምንት ደረሰኝ ይስጡትና ይመዝግበው። አናጺ ከሆነ አንድ መሳቢያ ይሥራ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለዚያም ግማሽ ቀን ይክፈሉት። በቃለ መጠይቁ ደግሞ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠይቁ። ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያው ነጥብ ይስጡ፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ስሜት በመነሳት አይሁን። ስለ ቅጥር በተደረጉ ብዙ ጥናቶች እንዲህ ያለው የተደራጀ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚወራው ጭውውት በተሻለ የወደፊቱን የሥራ ውጤት ይገምታል። በሥራ ልምድ ዓመት ብዛትም ብዙ አይመኩ። አሥር ዓመት ሠርቶ አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀጥሬ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ከፍተናል። አምስት ሰዎች ነን። እንደ ቤተሰብ ነን፤ ሁሉም የመሰለውን ይሠራል። አጎቴ 'ስብሰባ፣ ዕቅድ፣ ግምገማ ያስፈልጋችኋል' እያለ ይወተውተኛል። እኔ ደግሞ ያ የትልቅ ድርጅት ቢሮክራሲ ነው፣ ፍቅራችንን ያበላሸዋል ብዬ እፈራለሁ። በእውነት በውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል? ካመጣስ በምን እለካዋለሁ? ስብሰባ ካስፈለገስ ሁልጊዜ የምመራው እኔ ነኝ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽን ወደድኩት። ይለካል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አጎትሽ ልክ ናቸው ብዬ ልጀምር።

ለአንቺ በጣም የሚቀርብ ጥናት አለ። በሕንድ አገር በ100 ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መሥራቾች ላይ ነው የተደረገው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። መሥራቾቹ በዕጣ ከሌላ መሥራች ጋር ተጣምረው ሰው ስለማስተዳደር ተመካከሩ። አንዳንዱ የደረሰው ሥርዓት ካለው አማካሪ ነው። ይኸውም ቋሚ ስብሰባ የሚያደርግ፣ ግብ በየጊዜው የሚያስቀምጥ፣ ለሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ አስተያየት የሚሰጥ። ሌላው የደረሰው እንደ አንቺ «የመሰላችሁን ሥሩ» ከሚል አማካሪ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክሩን ከመጀመሪያዎቹ ያገኙት ድርጅቶች ከሌሎቹ በ28 በመቶ ተልቀው ተገኙ። የመክሰም ዕድላቸውም በ10 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ነበር። ልብ አድርጊ፣ ገንዘብ አልተሰጣቸውም። ማሽን አልተገዛላቸውም። ምክር ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በሜክሲኮ 432 አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ተመረጡ፤ ከእነሱ 150ዎቹ ለአንድ ዓመት የአስተዳደር ምክር አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላም እንኳ ምክሩን ያገኙት ድርጅቶች ብዙ ተጨማሪ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር።

«እንደ ቤተሰብ ነን» ስትዪ ደስ ይላል። ግን ጠንቀቅ በዪ። በቤተሰብ ውስጥ ሳይነገር የሚታለፍ ስንት ነገር አለ! አንዱ ሌሊት እየሠራ ሌላው ሳይሠራ፣ ማንም አይናገርም፤ ፍቅር ይበላሻል ተብሎ። ከዚያ አንድ ቀን የሌሊቱ ሠራተኛ መልቀቂያ ያስገባል። በእኔ ልምድ ወዳጅነትን የሚበላው በሆድ የተያዘ ነገር ነው። ስብሰባ ያፈረሰው ወዳጅነት አላየሁም።

ለአምስት ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሰኞ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ቆማችሁ። እያንዳንዱ የሳምንቱን አንድ ትልቅ ሥራና የሚያስፈራውን አንድ ነገር ይናገር። በወር አንዴ ከእያንዳንዱ ጋር ለብቻ፤ ከላይ ለስፌት ቤቱ ባለቤት የጻፍኩትን እይው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ማን የምን ኃላፊ እንደሆነ በአንድ ገጽ። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት ስም ያለበት ሥራ አይኑር፤ የሁለት ሰው ሥራ የማንም ሥራ አይደለም። ደግሞ አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትተዪ። በአሜሪካ የብረት ፋብሪካዎች፣ የብረቱ የመጨረሻ ሥራ በሚሠራባቸው 36 የማምረቻ መስመሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሥልጠና፣ የቡድን ሥራ፣ በጥንቃቄ መቅጠርና ከውጤት ጋር የተያያዘ ክፍያ አንድ ላይ ሲተገበሩ ምርታማነት በግልጽ እንደሚጨምር አሳይቷል። አንዱ ብቻውን ሲተገበር ግን ለውጡ ኢምንት ነበር። እኔም መጀመሪያ ስብሰባ ብቻ ጀምሬ ኃላፊነቱን ስላልለየሁ ሦስት ወር በወሬ አልፏል።

ስለ መለካቱ። አሥር ቁጥር አትያዢ። ሁለት ይበቃል። እኔ የያዝኩት ተበላሽቶ እንደገና የታተመ ሥራና በቀጠሮው ቀን የደረሰ ሥራ ነበር። ሁለቱንም በበሩ አጠገብ በጥቁር ሠሌዳ ላይ እንጽፍ ነበር። ለአንቺ ምናልባት ደንበኛ ጋ ከደረሰ በኋላ የተገኘ ስህተትና በተባለው ቀን የተረከበ ሥራ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። መቁጠር ስትጀምሪ ቁጥሩ ሊብስ ይችላል። እኔ ቤት በወር ሦስት ይመስለኝ የነበረው የተበላሸ ሥራ በመጀመሪያው ወር ዘጠኝ ሆነ። ደሜ ፈላ። ልጮህ ስል ቆም አልኩ። ስድስቱ አዲስ አይደሉም። ድሮም ነበሩ፤ ከእኔ ደብቀው ማታ ያትሟቸው ነበር። በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት ስህተትን ያጠና ሥራ በኋላ ሳነብ ይሄው ነገር ነው ያለው። ጥሩ አለቃ ያላቸውና ተማምነው የሚሠሩ ቡድኖች ላይ የተመዘገበው ስህተት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ስለሚሳሳቱ አይደለም፤ ስለማይደብቁ ነው። ያን ቀን ጮኼ ቢሆን ኖሮ ሠሌዳው በሚቀጥለው ወር ዜሮ ያሳየኝ ነበር፤ የውሸት ዜሮ። ይልቅ ዘጠኙን አንድ በአንድ አየናቸው። አምስቱ የመጡት ደንበኛው ናሙናውን ሳይፈርም ማተም በመጀመራችን ነበር። ያለ ፊርማ ማሽን አይነሳም አልን። ከዓመት በኋላ በወር አንድ ወይም ሁለት ደርሰን ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ስህተቱን ራሱ የተናገረውን ሰው አመስግኚው። በሁሉም ፊት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለ ስብሰባው መሪ ነው። አይ፣ ሁልጊዜ አንቺ አትምሪው። በየሳምንቱ በተራ ይሁን። እኔ ስመራው 15 ደቂቃው ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ይሆን ነበር። ያቺ የምላጩን ነገር የነገረችኝ ጠራዥ ስትመራው ግን በዘጠኝ ደቂቃ አልቆ ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን።